የሐረር ቤት በካርቶን ውስጥ፦ ከሚጣል ዕቃ ጥቃቅን የቤት ዕቃ ስለመሥራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሐረርና ድሬዳዋ ላይ የአሻንጉሊት ቤት ለመሥራት ለተነሣ ሰው የተዘጋጀ ነው። መነሻ ያደረግነው የሐረሪዎችን ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋርን ነው። መደቡ፣ የግድግዳው ጎድጓዳ መደርደሪያ፣ ሰፌዱና ሳህኑ ሁሉ ለትንሽ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ዘዴው ግን ለማንኛውም ቤት ያገለግላል።

ከመጀመሬ በፊት ምን መግዛት አለብኝ?

አምስት ነገር ይበቃል፦ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ከተር ከትርፍ ምላጩ ጋር፣ የብረት ማስመሪያ፣ አንድ ቱቦ ሱፐር ግሉ እና ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት። መቀስ፣ መርፌና እስፒል ከቤት አይጠፉም። ቀለም መጀመሪያ ላይ ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ብቻ ይግዙ፤ ግራጫው በመቀላቀል ይገኛል። የማስመሪያው ብረት መሆን የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የፕላስቲክ ማስመሪያ ጠርዙ በከተር ስለሚላጥ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቀጥ ያለ መስመር አይወጣለትም።

1 ለ12 የሚባለው ልክ ምንድን ነው? የግድ ያስፈልጋል?

የእውነተኛው ዕቃ 12 ሳ.ሜ. በትንሹ ቤት 1 ሳ.ሜ. ይሆናል ማለት ነው። 1 ሜትር ከ20 የሆነ ጠረጴዛ 10 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ 2 ሜትር በር 16.7 ሳ.ሜ.፤ 1 ሜትር ከ68 የሆነ ሰው 14 ሳ.ሜ.። በዓለም ላይ ለአሻንጉሊት ቤት በብዛት የሚሠራበት ልክ ይህ ነው። ቦታ የጠበበው ሰው በ1 ለ24 መሥራት ይችላል፤ ሁሉም ነገር በግማሽ ያንሳል፣ የጣት ሥራው ግን እጥፍ ይከብዳል። ለጀማሪ 1 ለ12 ይሻላል።

አዎ፣ የግድ ያስፈልጋል። ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ከጀበናው ያነሰ ምድጃ ወይም ከበሩ የረዘመ ወንበር ካለበት ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በተቃራኒው ከቆርኪ የተሠራ ዕቃ ልኩ ትክክል ከሆነ ቆርኪነቱ ይረሳል።

የትኛውን ቁራጭ ላስቀምጥ፣ የትኛውን ልጣል?

ዕቃው ምን እንደነበረ ይርሱት። ይለኩትና በ12 ያባዙት፤ የሚወጣው ቁጥር ምን ሊሆን እንደሚችል ራሱ ይናገራል። ቤት ውስጥ ከሚገኙት ጥቂቶቹ እነሆ።

የክብሪት ቀፎ በግምት 5 በ3.5 በ1.5 ሳ.ሜ. ነው። ሲባዛ 60 በ42 በ18 ይሆናል፤ ያለ ምንም ጭማሪ የረከቦት ልክ ነው። ከውስጡ የሚወጣው መሳቢያ ደግሞ በግድግዳ ላይ እንዳለ ጎድጓዳ መደርደሪያ ይሆናል፤ ወደዚህ በኋላ እንመለስበታለን። የቢራ ቆርኪ ከጥርሱ ጋር 32 ሚ.ሜ. አካባቢ ስፋት አለው፤ ሲባዛ 38 ሳ.ሜ. ይሆናል፣ ለትሪ ወይም ለመታጠቢያ ሳህን ይስማማል። ጥርሱን በፒንሳ ወደ ውጭ ካላስተኙት ግን ቆርኪ ሆኖ ይቀራል። የሃይላንድ ክዳን 3 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ 36 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ድስት ይወጣዋል። የጭማቂ መምጠጫ ቀሰም 6 ሚ.ሜ. ከሆነ 8 ሚ.ሜ. ቁመት እየቆረጡ የውኃ ብርጭቆ ያድርጉት። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ክዳን፣ ትንሹ፣ 5 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ 60 ሳ.ሜ. ምጣድ። ባዶ የክኒን ማሸጊያ እያንዳንዱ እብጠት የመብራት ሽፋን ወይም የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ነው።

በጣም የሚያስደስተው ግን ተራው የካርቶን ሆድ ነው። የካርቶኑን አንድ ገጽ ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ አርሰው ሲልጡት ውስጡ ያለው ሞገድ ይወጣል። በቀጭኑ ካርቶን ላይ ከሞገድ እስከ ሞገድ 6.5 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። በ12 ሲባዛ 78 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ የተለመደው የጣራ ቆርቆሮ ሞገድ 76 ሚ.ሜ. ነው። በግራጫ ቀለም ቀብተው በጠርዙ ላይ ጥቂት የዝገት ቡናማ ቢነኩበት ከእውነተኛው ቆርቆሮ የሚለየው በክብደቱ ብቻ ይሆናል። ወፍራሙ ካርቶን 8 ሚ.ሜ. ስለሚጠጋ ለዚህ አይሆንም።

የሚጣለው ይህ ነው፦ ቅባት የጠጣ ካርቶን (ኮላም ቀለምም አይዝም)፣ የዛገና ጠርዙ የተቦጫጨቀ ጣሳ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ከነዝቃጩ፣ ሰፋ ያለ አበባ ያለበት ጨርቅ።

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ዕቃውን የት ልፈልግ?

ጨርቅ ለሚፈልግ ሰው ሐረር መኪና ግርግርን የመሰለ ቦታ የለም። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ከሰፊዎቹ እግር ሥር የሚወድቀው ቅዳጅ ለትንሽ ቤት ምንጣፍ፣ መጋረጃና ትራስ ከበቂ በላይ ነው። ሲጠይቁ ሳሳ ያለና ደቃቅ ጥለት ያለው ይምረጡ፤ ከመዳፍ የማይበልጥ ቁራጭም ዋጋ አለው። የጥልፍ ክር፣ ጨሌ፣ ቁልፍና ዳንቴል በጀጎል ውስጥና በሸዋ በር አካባቢ ካሉ ሱቆች ይገኛል።

ድሬዳዋ ላይ የከፊራ ገበያ ለካርቶን፣ ለጆንያ፣ ለሲባጎና ለቅመማ ቅመም ጥሩ ነው። ታይዋን የሚባለው ገበያ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስለሚሸጥበትና ስለሚጠገንበት የተቃጠለ ባትሪ መብራት፣ ቀጭን ሽቦና ነጭ የማሸጊያ ፎም የሚገኝበት ነው። ለወለልና ለግቢ አሸዋ የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ቢበቃም በሻይ ማጥለያ ሳይነፋ አይሁን፤ 2 ሚ.ሜ. ጠጠር በትንሹ ቤት ግቢ ውስጥ የ2.4 ሳ.ሜ. ድንጋይ ነው።

የጌይ ጋርን ውስጥ በካርቶን እንዴት ልሥራ?

አንድ ክፍል ብቻ፣ ፊት ለፊቱ ክፍት ሆኖ ይሠራ። 36 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 30 ሳ.ሜ. ጥልቀት፣ 30 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው ጠንካራ ካርቶን ይምረጡ። በእውነተኛው ልክ 4 ሜትር ከ30 በ3 ሜትር ከ60 ይሆናል።

ቤቱን ሐረሪ የሚያደርገው ነደባው ነው፤ ማለትም ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራው የመቀመጫ መደብ። ጊድር ነደባ ትልቁ ነው፤ አሚር ነደባ የክብር መቀመጫ ነው፤ ጢት ነደባ ትንሹ፤ ሱትሪ ነደባ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ሸሸግ ያለው ነው። ሁሉንም በአንድ ከፍታ መሥራት ዋናው ስሕተት ነው፤ ቤቱ መድረክ ይመስላል።

ከኋላ ግድግዳው ጀምሮ 36 በ18 ሳ.ሜ. ቦታ ለመደቡ ይተው። 4 ሳ.ሜ. ቁመት ያላቸው የካርቶን ቅጥልጥሎች (ረጃጅም ጠባብ ቁራጮች) ይቁረጡ፤ የሞገዱ ቀዳዳ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ይሁን። በአግድም ከሆነ ጣት ሲጫነው ይተኛል። 18 ሳ.ሜ. የሆኑትን 8 ቅጥልጥሎች በየ5 ሳ.ሜ. ያቁሙ፣ ከፊትና ከኋላ በ36 ሳ.ሜ. ቅጥልጥል ይዝጉ፣ ላዩን በሁለት ተደራራቢ ካርቶን ይክደኑ። በጠቅላላው 2 ሜትር ከ20 የሚሆን ቅጥልጥል ይበላል። በዚህ መደብ አንድ ጎን ላይ ሌላ 2 ሳ.ሜ. ከፍታ ይጨምሩ፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ 2 ሳ.ሜ. የሆነ ዝቅተኛ ደረጃ ያድርጉ።

ቀጥሎ ግድግዳው። የሐረር ግድግዳ ድንጋይ ስለሆነ ወፍራም ነው፤ አንድ ካርቶን ብቻ ከሆነ ቤቱ ባዶ ሣጥን ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከኋላ ግድግዳው 2 ሳ.ሜ. ፈቀቅ አድርገው ሌላ ግድግዳ ያቁሙ። በዚህኛው ላይ የክብሪት መሳቢያውን አስቀምጠው በእርሳስ ዙሪያውን ያስምሩ፣ ከመስመሩ በውስጥ በኩል ይቁረጡ፣ መሳቢያውን ከጀርባ ገፍተው ያስገቡ፤ ጎድጓዳው መደርደሪያ ተገኘ። በባህላዊው ቤት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር 11 ነው፤ ከነሱም ውስጥ ለቁርኣን የሚሆኑ አሉ። ለእነዚህ ከፍ ያለውን ቦታ ይስጡ። 11 መሳቢያ ካልተገኘ 6 ሠርቶ በደንብ መጨረስ 11 አጣሞ ከመሥራት ይበልጣል።

ስንጥቁንና ጠርዙን የሚሸፍነው ልስን ነው፦ 1 እጅ ኮላ፣ 1 እጅ ውኃ፣ እንደ እርጎ እስኪወፍር ድረስ ጄሶ። በትንሽ በትንሹ ይበጥብጡ፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ መጥጠር ይጀምራል። በጣት ይቀቡት እንጂ በብሩሽ አይሁን። የእጅ ልስን ጠርዙን ያለዝበዋል፣ በጀጎል ቤቶች ውስጥም ሹል ጠርዝ እምብዛም አይታይም።

የወለሉንና የነደባውን ቀይ ከየት ላምጣው?

ከመሬት። ቀይ አፈር በሻሽ ጨርቅ ይንፉ፤ 3 የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ አፈር፣ 2 ማንኪያ ኮላ፣ 1 ማንኪያ ውኃ ይቀላቅሉ። ሁለት ስስ ቅብ ይስጡት፤ በመሃሉ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ሁለተኛው ሲደርቅ በማንኪያ ጀርባ ያሹት፣ የተለሰነ መደብ ወዝ ያወጣል። እጅን የሚያቀላ ከሆነ ኮላው አንሷል፤ እንደ ሸክላ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በዝቷል። የሱቅ ቀይ ቀለም ለዚህ ሥራ በጣም ደማቅ ስለሆነ የአሻንጉሊትነት መልክ ይሰጠዋል። ይህ ቀይ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የወደቁትን ለማስታወስ ነው ተብሎ ይነገራል፤ ስለዚህ ቀለሙን በጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ለጣራው ተሸካሚ 8 ሚ.ሜ. የሆነ ቀጥ ያለ ደረቅ ጭራሮ 5 ወይም 6 ይበቃል። ነቀዝ እንዳይኖርበት ለብ ባለ ምጣድ ላይ እያገላበጡ ያድርቁት።

ካርቶኑ ለምን ይጣመማል?

አንድ ገጹ ብቻ ስለረጠበ። ኮላ ወይም ቀለም የጠጣው ወረቀት መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ግን ይኮማተርና ሌላውን ገጽ ይዞ ይጎብጣል። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ የላዩን ቶሎ ስለሚያደርቀው ይብሳል። መፍትሔው ሁለቱንም ገጽ እኩል መቀባት ነው፤ የማይታየውን ጀርባ በውኃ በቀጠነ ኮላ ይቀቡት። ድርብ ሲያጣብቁ የአንዱ ሞገድ ወደ ጎን፣ የሌላው ወደ ላይ ይሂድ፤ ከዚያ ከላዩ መጽሐፍ ጭነው ያሳድሩት። በፀሐይ ማድረቅ አይበጅም። አስቀድሞ የጎበጠውን በጎበጠበት ተቃራኒ ገጽ ውኃ ርጨው ሌሊቱን ሙሉ ቢጫኑት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

የግድግዳ ሰፌዶቹን እንዴት ልሥራ?

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ የሐረር ቤት የሚታወቀው በሰፌዱ ነው። ሁለት መንገድ አለ።

ቀላሉ፦ ከሸሚዝ ማሸጊያ ወይም ከብስኩት ካርቶን 4 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ክብ ይቁረጡ (በእውነቱ 48 ሳ.ሜ.)። ክቡን ጎድጎድ ለማድረግ ከጠርዙ እስከ መሃሉ አንድ ጊዜ ቆርጠው 2 ሚ.ሜ. አደራርበው ያጣብቁ። ኮላ በስሱ ቀብተው ባለ 6 ፈትል የጥልፍ ክር ከመሃል ጀምረው እየጠመዘዙ ይጠቅልሉ። ክሩ 1 ሚ.ሜ. ያህል ስለሚወፍር ለአንድ ገጽ 1 ሜትር ከ30 ይፈጃል። የሚያበላሸው መሃሉ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች በእስፒል ጫፍ እየገፉ ካላጠበቁ ቀዳዳ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ሁሉ ሞላላ እየሆነ ይሄዳል።

ከባዱ እንደ እውነተኛው መስፋት ነው። በስንደዶና በአክርማ ፈንታ ሲባጎና ክር፣ በወስፌ ፈንታ ጫፉ ደነዝ የሆነ መርፌ። 1.5 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ሲባጎ 75 ሳ.ሜ. ያዘጋጁ። ከጥልፍ ክሩ 2 ፈትል ብቻ ለይተው በሲባጎው ላይ እየጠመጠሙ፣ በየጥምጥሙ ከታች ያለውን ዙር እየወጉ ይሂዱ። 12 ዙር ገደማ 4 ሳ.ሜ. ይሞላል። ባለ 8 ሜትር አንድ እሽግ ክር በ2 ፈትል ሲከፈል 24 ሜትር ስለሚወጣው ለሁለት ሰፌድ ይበቃል። ክሩን ከ60 ሳ.ሜ. በላይ አያስረዝሙ፤ ይላጫል፣ ይቋጠራል። ሰፌዱ እንደ ኮፍያ ከተቆለመመ ጥምጥሙን ከልክ በላይ ጠብቀዋል፤ እንደ ሻሽ ከተንዘላዘለ ደግሞ ላልቷል። ትንሽ ቁልመማ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ መሃል አድርገው በካውያ ይጫኑት።

ጥለቱን አስቀድመው በወረቀት ላይ ይሳሉ። በ4 ሳ.ሜ. ውስጥ ከሦስት ቀለም በላይ አይታይም። ቀይ፣ ጥቁርና የስንዴ ነዶ ቀለም ሁልጊዜ ይሳካል፤ ሐምራዊና አረንጓዴ ለአንድ ዙር ብቻ ቢገቡ ደስ ይላሉ። ግድግዳው ላይ ሲሰቀሉ ትላልቆቹ ከላይ፣ እንደ እውነተኛው በተርታና በጥንድ ይሁኑ፤ በየአቅጣጫው የተበተነ ሰፌድ የሱቅ ማሳያ ይመስላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በጥጥ ክር ወይም ጨርቅ ላይ ሱፐር ግሉ አያፍስሱ። ከጥጥ ጋር ሲገናኝ በድንገት ይግላል፣ ጭስም ሊያወጣ፣ ጣትም ሊያቃጥል ይችላል። ለክር ነጭ ኮላ ብቻ።

የተንቆጠቆጡት የብረት ሳህኖችስ?

ከዱቄት ወተት ጣሳ አፍ ላይ የሚላጠው አሉሚኒየም ጥሩ ውፍረት አለው። ክብ አድርገው ይቁረጡት፣ በሰፍነግ ላይ አስተኝተው የአንድ ብር ሳንቲም በመሃሉ ይጫኑ፤ ጠርዙ ይነሣል። ሳንቲሙ 27 ሚ.ሜ. ገደማ ስለሆነ 32 ሳ.ሜ. የሆነ ሳህን ይወጣዋል። የእንሶስላ ቀለም የሚመስለውን ወይም ነጩን የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀቡት። በጥቃቅን ሥራ ውስጥ ብልጭልጭታ በትክክል የሚፈለገው እዚህ ብቻ ነው። አበባውን በስቴኪኒ ጫፍ አምስት ነጥብ አድርገው ያስቀምጡ፤ ለመሳል አይሞክሩ።

ጀበናና ሲኒ ከምን ይሠራል?

ከቤት ሊጥ። 1 ሲኒ የበቆሎ ስታርች፣ 1 ሲኒ ነጭ ኮላ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። በማይፈለግ ድስት፣ በለስላሳ እሳት ሳያቋርጡ ያማስሉ፤ ከድስቱ ሲላቀቅና ሲሰባሰብ ያውጡት። በዘይት በታሸ እጅ እስኪለሰልስ ያሹት፣ በፌስታል ጠቅልለው ያቀዝቅዙት። ድስቱ ከዚህ በኋላ ለምግብ አይሁን።

ጀበናው 2.2 ሳ.ሜ. ቁመት ይኑረው። ከቸኮሌት ወይም ከሲጋራ ፎይል 1 ሳ.ሜ. ኳስ ይጠቅልሉ፣ ስቴኪኒ ይሰኩበት፤ ኳሱ ሆድ፣ ስቴኪኒው አንገት ይሆናል። 1 ሚ.ሜ. ሊጥ ያልብሱት። እጀታውን ከቀጭን ሽቦ ሠርተው ሊጡ ገና እርጥብ እያለ ይሰኩት፤ ከደረቀ በኋላ የተጣበቀ እጀታ አይቆይም። ሲደርቅ የተፈጨ ከሰል በቀጭን ኮላ በጥብጠው ይቀቡትና በሻማ ጉማጅ አሸት ያድርጉት። የሸክላው ጥቁር ይህ ነው፤ የሱቅ ጥቁር ቀለም የፕላስቲክ ይመስላል።

ሲኒው 5 ሚ.ሜ. ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ሊጥ ዘይት በተቀባ የብሩሽ እንጨት ክብ ጫፍ ላይ ይጨምቁ፤ በቀላሉ ይወጣል። ስድስቱን በአንድ ቀን ይሥሯቸው፤ በሌላ ቀን የተሠራ ሲኒ መጠኑ አይገጥምም።

ሊጡ ለምን ይሰነጠቃል?

ሦስት ምክንያት አለ። በዝቶ ከበሰለ ውኃው አልቆ ይፈረፈራል። ወፍራም ከሆነ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ ሲኮማተር ይፈነዳል፤ ስለዚህ ከ5 ሚ.ሜ. በላይ ውፍረት ሲያስፈልግ ውስጡን በፎይል ይሙሉ። ሦስተኛው የድሬዳዋ ነፋስና ቬንትሌተር ነው፤ ለመጀመሪያው ሌሊት ዕቃውን በተገለበጠ ኩባያ ይክደኑት። ሊጡ ሲደርቅ መጠኑ እንደሚቀንስ አይርሱ፤ አንድ ሙከራ ሠርተው ከመድረቁ በፊትና በኋላ ይለኩ።

የትኛው ማጣበቂያ ለምን?

ነጭ ኮላ ለወረቀት፣ ለእንጨት፣ ለጨርቅ። ከሁለቱ ገጾች ቢያንስ አንዱ ውኃ የሚጠጣ መሆን አለበት። በግማሽ ሰዓት ይይዛል፣ ጭነት የሚችለው ግን ካደረ በኋላ ነው።

ሱፐር ግሉ ለብረት፣ ለጨሌና ለጠንካራ ፕላስቲክ። የሃይላንድ ክዳን ግን በእሱም አይያዝም፤ የፕላስቲኩ ዓይነት ማጣበቂያ አይቀበልም። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው በስስ ወረቀት ጠቅልለው ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ያጣብቁ። ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ጭሱ ነጭ ጉም ይተዋል፤ ለመስኮት ኮላ ይጠቀሙ።

ማስቲሽ ነጭ ፎምን ያሟሟል። የጥፍር ቀለምና የሚረጭ ቀለምም እንዲሁ። ፎም ላይ ቀለም መቀባት ከፈለጉ አስቀድመው በኮላ ሁለት ጊዜ ይሸፍኑት። ማስቲሽ ሲጠቀሙ መስኮት ይከፈት፣ ልጆች ይራቁ።

በዱቄት የተሠራ ልጥፍ አንመክርም። በረሮና አይጥ ይበሉታል።

ምንጣፍና ትራስ ሲሠራ ጨርቁ ለምን ይገተራል?

ጨርቅ ሲቀነስ ውፍረቱና ክብደቱ አብሮት አይቀንስም። ያረጀ ነጠላ፣ የሻሽ ጨርቅ፣ ብዙ የታጠበ የሸሚዝ ኮሌታ ይሻላሉ። ከመቁረጥዎ በፊት ጠርዙ በሚያርፍበት መስመር ላይ ቀጭን ኮላ ቀብተው ያድርቁት፤ አይተረተርም፣ ማጠፍም አያስፈልግም። ትራስ በጥጥ ከተሞላ ኳስ ይሆናል፤ በተነፋ አሸዋ ግማሽ ድረስ ሲሞላ ሰው እንደተደገፈበት ይተኛል። መጋረጃ በኮላ ውኃ ነክረው በእስፒል እጥፋቱን ይዘው ያድርቁት።

ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠውን ምንጣፍ አይርሱ፤ በባህሉ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ መኖሯን የሚያሳይ ነው። 7 ሳ.ሜ. በስቴኪኒ ላይ ይጠቅልሉና በክር ይሰሩት።

የድሬዳዋ የከዚራ ቤት በዚህ ዘዴ ይሠራል?

ይሠራል፤ እንዲያውም ግድግዳው ይቀላል። ከተማዋ በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባቡሩን ተከትላ የተነሣች ናት፤ በከዚራ ሰፈር የሚታዩት ረጃጅም መስኮቶችና በረንዳዎች ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዙ ናቸው። ዋናው ሥራ የመስኮቱ የእንጨት መክፈቻ ነው። ከአይስክሬም እንጨት 4 ሚ.ሜ. ስፋት ያላቸው ቅጥልጥሎች ይሰንጥቁ፣ በሁለት ዘንግ መሃል በየ4 ሚ.ሜ. አንድ ዓይነት ዘመም አድርገው ይደርድሩ። ዘመማቸው እኩል እንዲሆን ከካርቶን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቆርጠው እንደ መለኪያ ይጠቀሙ። በዓይን ግምት ከተደረደረ በስምንተኛው ላይ ልዩነቱ ይታያል።

መብራት ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል። ከተቃጠለ ባትሪ መብራት የሚወጣ አንድ ነጭ ኤልኢዲ በሁለት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ፣ ማለትም በ3 ቮልት፣ በደንብ ይሠራል። ረጅሙ እግር ወደ አዎንታዊው ነው፤ ካልበራ ይገልብጡት። ነጩ ብርሃን የሐኪም ቤት ስለሚመስል ኤልኢዲውን በብርቱካናማ የከረሜላ ወረቀት ይሸፍኑት። ከግድግዳ መብራት፣ ከ220 ቮልት ጋር በምንም መንገድ አያገናኙ። ቤቱ ካርቶን፣ ክርና ኮላ ነው።

ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ይቻላል?

ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ። የሽንት ቤት ወረቀት ቀፎ ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል፣ እዚህ የተዘረዘረው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያልፋል። ክብ የሰዓት ባትሪ ከተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ በጥርጣሬም ቢሆን ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱ። ለልጅ መጫወቻ በተሠራ ቤት ውስጥ ጨርሶ አይጠቀሙበት። የጣሳ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፈገፈገ አዋቂንም ይቆርጣል።

የተሠራው እንዲቆይ ምን ላድርግ?

ከቆርቆሮ ጣራ ሥር በጣም ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡት። ሙቀቱ እዚያ ይከማቻል፣ በትኩስ ማጣበቂያ ሽጉጥ የተያያዘ ነገርም በቀትር ይለቃል። መሬት ላይም አይሁን፣ ምስጥ ካርቶን ይወዳል። የሚበጀው ከግድግዳ 5 ሳ.ሜ. የራቀ ጠረጴዛ ነው። ፊቱን በስስ ፕላስቲክ ወይም ከአሮጌ ፎቶ ፍሬም በወጣ መስታወት ይዝጉ። አቧራውን በደረቅ የመኳኳያ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ያንሱ፤ እርጥብ ጨርቅ የአፈሩን ቀይ ያስለቅቃል።